ወደ ከዋክብት የሄደው መርከብና ወንበር የተነፈጋቸው ሴቶች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከልጅ ልጄ ጋር ተቀምጬ የቆዩ ፊልሞችን መመልከት ልማድ ሆኖብኛል። ባለፈው ክረምት ያየነው «ስታር ትሬክ» የተባለውን፥ ትርጓሜውም የከዋክብት ጉዞ የሆነውን፥ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተውኔት ነበር። ከአምስት ወይም ከስድስት ክፍል በኋላ ልጅቱ ወደ እኔ ዘወር አለችና፥ «አባባ፥ ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው ብለውኝ የለም? ታዲያ ሴቶቹ አሁንም ለካፒቴኑ ቡና የሚያመላልሱት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዕድሜዋ ገና 12 ዓመት ነው። እኔ ግን በቂ መልስ ስላልነበረኝ ዝም አልሁ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም ስለዚያ ዝምታ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ ለተውኔቱ የሚገባውን ምስጋና ልስጥ፤ ሰውን ሳያመሰግኑ መውቀስ የሰነፍ ዳኛ ሥራ ነውና። ስታር ትሬክ በ1966 ዓ.ም. መስከረም 8 ቀን መታየት ጀመረ፤ በ1969 ዓ.ም. ሰኔ 3 ቀን አበቃ። በሦስት ዓመት ውስጥ 79 ክፍል ታይቷል። ያን ጊዜ በአሜሪካ አገር ጥቁሮች ለመብታቸው ደማቸውን የሚያፈስሱበት፥ አሜሪካና ሩሲያም በአቶሚክ ቦምብ የሚፈራሩበት ዘመን ነበር። የተውኔቱ ፈጣሪ ጂን ሮደንበሪ ግን በአንድ የጠፈር መርከብ ውስጥ ነጩን፥ ጥቁሯን፥ የጃፓን ተወላጁን፥ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮም ሩሲያዊውን አንድ ላይ አስቀመጠ። ይህ በዚያ ዘመን ደፋር አሳብ ነበር። የሚያስገርመውም፥ የዘርን አጥር በአንድ ዝላይ ያለፈው ደራሲ በሴት አጥር ላይ ሲደርስ እግሩ መታሰሩ ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ለሙከራ በተሠራው የመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ከካፒቴኑ ቀጥላ መርከቡን የምታዝዝ ሴት ነበረች። ስም አልነበራትም፤ «ቁጥር አንድ» ይሏታል። ረጋ ያለች፥ አእምሮዋ የሰላ፥ እንደ ወንዶቹ ሱሪ የለበሰች መኮንን ነበረች፤ የተጫወተችውም ሜጄል ባሬት ናት። ነገር ግን በዚያው ፊልም ውስጥ እንኳ ካፒቴኑ፥ ሴት በማዘዣው ክፍል ውስጥ መኖሯን ሊለምደው እንዳልቻለ ይናገራል። «ቁጥር አንድ» ይህን ሰምታ ቀና ብላ ስታየው ደንገጥ ይልና፥ አንቺማ ልዩ ነሽ ይላታል። እኔ ይህን ንግግር በሕይወቴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አንዲት ሴት በብልሃቷ ከወንዶች እኩል ስትቆም፥ ሴቶችን ሁሉ እንዳከበርን ሳይሆን እርሷን ከሴቶች እንዳወጣናት አድርገን እንናገራለን።

የቴሌቪዥኑ ድርጅት ያን የሙከራ ፊልም አልተቀበለውም። ሁለተኛው ሲሠራ «ቁጥር አንድ» ጠፋች፤ ረጋ ያለ ጠባይዋና የሰላ አእምሮዋም ለስፖክ፥ ለወንዱ፥ ተሰጠ። ሜጄል ባሬት ግን ብጫ ሰው ሠራሽ ጠጕር አጥልቃ ተመለሰች፤ ስፖክን በከንቱ የምታፈቅር አስታማሚ ሆና። ከመርከቡ ሁለተኛ አዛዥነት ወደ ሾርባ ማቅረብ ማለት ይህ ነው።

ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ሁለት ዐይነት ወሬ አለ። ሮደንበሪ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲናገር የኖረው፥ የድርጅቱ ሹማምንት ሴት አዛዥ መሆኗን ስላልወደዱት አስወጣኋት እያለ ነው። ከእርሱ ጋር የሠሩት ኸርበርት ሶሎውና ሮበርት ጀስትማን ግን በ1996 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ሹማምንቱ የተቃወሙት ሴት አዛዥን ሳይሆን ሮደንበሪ የራሱን ወዳጅ ለቦታው መምረጡን ነው ብለዋል። ሮደንበሪ ያን ጊዜ ባለትዳር ነበር፤ ባሬትንም በ1969 ዓ.ም. አገባት። እንግዲህ የሁለተኛው ወሬ ልክ ከሆነ ጥፋቱ ይብሳል እንጂ አይቀልልም። አንዲት ተዋናይት ካልተስማማች ሌላ ተዋናይት ይፈለጋል እንጂ፥ ስለ ምን የሴት ወንበር ሁሉ ይነሣል? ይህም ሁሉ ሲሆን ተውኔቱን የሚሠራው ኩባንያ፥ ደሲሉ፥ ባለቤቱና ሊቀ መንበሩ ሴት፥ ሉሲል ቦል ነበረች። በመሬት ላይ ሴት ኩባንያውን ታዝዛለች፤ በጠፈር ላይ ግን ሴት መርከብ ማዘዝ አልተቻላትም!

የልጅ ልጄ ስለ ሴቶቹ አጭር ቀሚስም ጠይቃኛለች። በሙከራዎቹ ፊልሞች ሴቶቹ ሱሪ ነበራቸው፤ ተውኔቱ ለሕዝብ ሲወጣ ግን ጭናቸውን የሚያሳይ ቀሚስ ለበሱ። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ በዚህ ላይ ረጅም ስብከት ትጠብቁብኝ ይሆናል። አልሰብክም። ተዋናይቱ ኒሼል ኒኮልስ ራሷ፥ በዚያ ዘመን አጭር ቀሚስ እንደ ነፃነት ይቈጠር እንደ ነበርና እንዳልተዋረደችበት ተናግራለች፤ የለበሰችው እርሷ ናትና ቃሏን እቀበላለሁ። ቁም ነገሩ ከጨርቁ ይልቅ በደራሲዎቹ ብዕር ላይ ነው።

ለምሳሌ በ1966 ዓ.ም. በታየ አንድ ክፍል ውስጥ ካፒቴን ከርክ በመሣሪያ ብልሽት ለሁለት ይከፈላል፤ ክፉው ግማሹም ጸሐፊዋን ጃኒስ ራንድን በክፍሏ ውስጥ በኀይል ሊደፍራት ይታገላታል። እርሷ ፊቱን ቧጭራ ታመልጣለች። ይህ ከባድ ታሪክ ነው፤ ደራሲ በጥንቃቄ ሊይዘው ይችል ነበር። ነገር ግን በመጨረሻው ላይ ስፖክ፥ ያ ክፉ ሰው ደስ የሚሉ ጠባዮች አልነበሩትምን ብሎ እንደ ቀልድ ይጠይቃታል። በዳይ ሳይሆን ተበዳይ መቀለጃ ሆነች። ራንድን የተጫወተችው ግሬስ ሊ ዊትኒ ከብዙ ዓመት በኋላ ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ስለዚያ ንግግር በምሬት ጽፋለች።

በ1967 ዓ.ም. በታየ ሌላ ክፍል ደግሞ አንድ አሳቢ መኪና የኡሁራን አእምሮ ይመረምርና ትውስታዋን ሁሉ ይደመስሰዋል። መኪናው፥ የዚህ ፍጡር አሳብ የተዘበራረቀና ጉድለት ያለበት ነው ብሎ ሲያማርር፥ ስፖክ የሚሰጠው ማብራሪያ ሴት መሆኗን መንገር ብቻ ነው። ተመልካች እንዲስቅ የተጻፈ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳየው ስቄአለሁ፤ የልጅ ልጄ አለመሳቋን ያየሁት ዘግይቼ ነው።

ደራሲዎቹን ለማስተዛዘን፥ የዘመኑ ልማድ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ልማዱም በተውኔት ብቻ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 13 አሜሪካውያን ሴቶች፥ ሁሉም አብራሪዎች፥ ለጠፈርተኞች የተዘጋጀውን ብርቱ የሐኪም ፈተና አለፉ። ነገር ግን ናሳ የተባለው የጠፈር መሥሪያ ቤት የጄት አውሮፕላን ሞካሪ አብራሪ ያልሆነ ሰው አይላክም አለ፤ ወታደሩም ክፍል ሴትን ለዚያ ሥራ አያሠለጥንም ነበር። በር ቈልፎ ለምን አልገባሽም እንደ ማለት ነው። በ1962 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ጄሪ ኮብ በምክር ቤቱ ፊት ቀርባ ስትሟገት፥ በዚያው ዓመት መሬትን የዞረው ጆን ግሌን፥ ሴቶች በዚህ ሥራ አለመኖራቸው የማኅበራዊ ኑሯችን ሥርዓት ነው ሲል መሰከረ። ነገር ግን የዘመኑ ልማድ የሚለውን ምክንያት የሚያፈርስ ነገር አለ። በ1963 ዓ.ም. ሰኔ ወር ሩሲያዊቱ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ፥ ቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረችው፥ ብቻዋን በጠፈር 48 ጊዜ መሬትን ዞረች። እንግዲህ ሮደንበሪ ብዕሩን ሲያነሣ ይህ ነገር በጋዜጣ ተነብቦ ያደረ ነበር። ስለ ሩቅ ዘመን የሚጽፍ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሆነው ነገር አልደረሰም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ የመጨረሻው ክፍል ነው። ጃኒስ ሌስተር የተባለች የተማረች ሴት፥ የከዋክብት መርከብ ካፒቴንነት ለሴት ስለማይፈቀድ በቍጭት ታብድና በአንድ መሣሪያ ነፍሷን ወደ ከርክ ሥጋ፥ የእርሱንም ወደ እርሷ ታዛውራለች። የታሪኩ አሳብ የራሱ የሮደንበሪ ነው። ሴትዮዋ በካፒቴኑ ሥጋ ሆና ስታዝዝ ትጮኻለች፥ ትቈጣለች፥ ሰውን ለሞት ትፈርዳለች። ከርክም በመጨረሻ፥ እንደ ማንኛዋም ሴት መልካም ኑሮ ልትኖር ትችል ነበር እያለ ያዝንላታል። አያችሁ፤ ሕጉ ትክክል መሆን አለመሆኑን ከመርከቡ ሰዎች አንድም የሚጠይቅ የለም። ሕጉ ጤነኛ ሆኖ፥ የተበደለችው በሽተኛ ሆነች። ይህ ከታየ ሰባት ሳምንት ሳይሞላ ሰው በጨረቃ ላይ ቆመ።

እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት መጽሐፈ መሳፍንትን በቃል ስንማር ዲቦራን አውቀናት ነበር፤ ከተምር ዛፍ በታች ተቀምጣ በእስራኤል ላይ ትፈርድ የነበረችውን፥ የጦሩ አለቃ ባርቅም አንቺ ካልሄድሽ አልሄድም ያላትን። ያ ጥንታዊ መጽሐፍ ለሴት የሰጠውን ወንበር የወደፊቱ መርከብ ነፈጋት።

ኒኮልስ ግን በተሰጣት ጠባብ ቦታ ብዙ ሠራች። ኡሁራ የሚለው ስም በስዋሂሊ ነፃነት ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ልትተው አስባ ሳለች ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝቶ፥ ጥቁር ሕፃናት አንቺን ያያሉና እንዳትተዪው ብሎ እንደ ለመናት ራሷ ተናግራለች። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ የካፒቴኑን ወንበር ተረክባ መርከቡን አላዘዘችም። ያዘዘችው በ1973 ዓ.ም. በተሠራው የሥዕል ፊልም ነው፤ ያም ወንዶቹ ሁሉ በድግምት ከፈዘዙ በኋላ! በ1977 ዓ.ም. ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን እንድትመለምልለት ቀጠራት፤ በ1978 ዓ.ም. ከተመረጡት 35 ጠፈርተኞች 6ቱ ሴቶች፥ 3ቱ ጥቁሮች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜይ ጄሚሰንም በልጅነቷ ኡሁራን እያየች እንዳደገች መስክራለች። ሴት ካፒቴን የተውኔቱ ዋና ሰው ሆና የተቀመጠችበት ሌላ ስታር ትሬክ የታየው ግን በ1995 ዓ.ም. ነው።

ስለ ሰው ጥፋት ይህን ያህል ከጻፍሁ ስለ ራሴ ብደብቅ ግብዝ እሆናለሁ። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ ለወላጆች ቀን ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጉዞ አንድ አጭር ተውኔት ጻፍሁ። ካፒቴኑን፥ ሐኪሙን፥ መሐንዲሱን ለወንዶች ልጆች ሰጠሁ። ከክፍሉ በሒሳብ አንደኛ የነበረችው ግን ሴት ልጅ ነበረች፤ እርሷን በመርከቡ ውስጥ ቡና አፍይ አደረግኋት። ተውኔቱን ከወሰደች በኋላ መጥታ፥ «መምህር፥ ጨረቃም ላይ ቡና የማፈላው እኔ ነኝ?» አለችኝ። እኔም ስቄ፥ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ብዬ ተረቱን ተረትሁባት፤ የክፍሉ ልጆችም አብረውኝ ሣቁ። በማግስቱ ለልምምድ አልመጣችም። እኔም ሌላ ልጅ ተካሁና ረሳሁት። ወላጆቹ አጨበጨቡ፤ ርእሰ መምህሩም አመሰገነኝ።

የልጅ ልጄ የጠየቀችኝ ጥያቄ የእርሷ ጥያቄ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በዚያ ክረምት ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ተማሪዎቼን ባገኘሁ ቍጥር ስለ እርሷ እጠይቃለሁ፤ አንዱ ትዳር ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች ይለኛል፥ ሌላው አያስታውሳትም። የተውኔቱ ደብተር አሁንም ከመጻሕፍቴ መካከል አለ። በተዋንያኑ ዝርዝር መጨረሻ፥ ቡና አፍይ ከሚለው ቃል ጎን፥ ስሟ በእኔ እጅ ተጽፎ በእኔው እጅ ተሰርዟል።