ከአንድ ስም ወደ ብዙ ምክንያት፦ የወንዶች የዳሌ ሕመም በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲል ሕዝቡ ይተርታል። ተረቱ ይበልጥ የሚሠራው ወንድ ልጅ ከእምብርቱ በታች፣ በዘር ፍሬውና በዳሌው ውስጥ ለሚሰማው ሥቃይ ነው። በሽተኛው ያፍራል፤ ይዘገያል፤ በመጨረሻ ሲቀርብም ሕመሙን «የወገብ» ወይም «የሽንት» ብሎ ይሸፍነዋል። ከሥቃዩ ጋር የሚመጣውን ስንፈተ ወሲብ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም። ይሁን እንጂ ምክንያቱን የሸፈነው የበሽተኛው ዝምታ ብቻ አልነበረም። የባለሙያውም ችኮላ የራሱ ድርሻ ነበረው።

ነገሌ ቦረና በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል፣ በሊበን ሜዳ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። በታሪክ ስሟ የሚነሣው በአብዛኛው ከጦር ጋር ነው። በጥር 1928 ዓ.ም. ከዶሎ አቅጣጫ የገሠገሠው የግራዚያኒ ጦር ያዛት። በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ የሰፈሩት ወታደሮች በምግብና በውሃ እጦት ተማርረው አመፁ፤ አመፁም ለአብዮቱ መንደርደሪያ ከሆኑት ድርጊቶች አንዱ ሆነ። ወታደር፣ ነጋዴና የጭነት መኪና ሾፌር በሚገናኙበት እንዲህ ባለ ከተማ፣ ወንድ ከወገቡ በታች ሲታመም ጥርጣሬ ቀድሞ የሚያርፈው በጨብጥ ላይ ነው።

ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አልበርት ናይሰር የጨብጥን ተሐዋሲ እ.ኤ.አ. በ1879 ካገኘ ወዲህ፣ ያልታከመ ጨብጥ የሽንት ቧንቧን እንደሚያጠብና የዘር ፍሬን እንደሚያሳብጥ በሚገባ ታውቋል። ፔኒሲሊን ሲመጣም ብዙዎች ተፈወሱ። ስሕተቱ የጀመረው መርፌው ላልፈወሳቸው ሰዎች ያው ስም ሲደገምላቸው ነው። ከቤቱ ያልወጣ ባል በሚስቱ ፊት ተጠርጣሪ ሆነ፤ ሕመሙም እንደነበረ ቀረ።

አንዱን መልስ ያስገኘው ከቦረና ሩቅ የሆነ ሌላ የጦር ሰፈር ነው። በማልታ ደሴት የእንግሊዝ ወታደሮች ለወራት በሚመላለስ ትኩሳት ይሠቃዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ዴቪድ ብሩስ ተሐዋሲውን ከሟቾች ጣፊያ ለየ። በ1905 ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ምንጩ ፍየል መሆኑን አስረዳ። በተከታዩ ዓመት ወታደሮቹ ጥሬ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ ሲከለከሉ በሽታው በመካከላቸው ፈጥኖ ቀነሰ። ብሩሴሎሲስ ተብሎ የተሰየመው ይህ በሽታ የታችኛውን አከርካሪና የዳሌን መገጣጠሚያ ያሳምማል፤ በአንዳንድ ወንዶችም የዘር ፍሬን ያሳብጣል። ፔኒሲሊን አይፈውሰውም፤ ተስማሚ መድኃኒቶች ተጣምረው ለሳምንታት መወሰድ አለባቸው።

ይህ እውቀት ለደቡብ ቆላ ትልቅ ትርጉም አለው። ከነገሌ እስከ ያቤሎና ሞያሌ ባለው ምድር ወተት የኑሮ መሠረት ነው፤ ሳይፈላ መጠጣቱም የተለመደ ነው። እረኛው የምትወልደውን ላም ወይም ግመል በባዶ እጁ ያዋልዳል። በቦረና በተደረጉ የደም ምርመራዎችም የበሽታው ምልክት በከብት፣ በግመልና በአርብቶ አደሩ ላይ ተገኝቷል። በዚህ ላይ ሙቀቱና የውሃው እጥረት ሽንትን ያወፍራሉ፤ ይህም ለሽንት ጠጠር በር ይከፍታል።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሚርስና ስቴሚ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሽንትንና የፕሮስቴት ዕጢን ፈሳሽ በየተራ በአራት ብልቃጥ ለይቶ የመመርመር ዘዴ አወጡ። በዘዴው ሲጣራ፣ «የፕሮስቴት ቁስለት» ከተባለባቸው ወንዶች በአብዛኞቹ ዘንድ ባክቴሪያ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ለዚህ ዓይነቱ ሕመም «ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም» የሚል የራሱን ስም ሰጡት። የዳሌ ወለል ጡንቻዎች መጨማደድ፣ የነርቮች መቆጣትና ጭንቀት እንደሚያባብሱት ዛሬ ይታወቃል። ዘር ሲፈስ የሚሰማው ሕመምና ስንፈተ ወሲብም አብረውት ይታያሉ። ሕመሙ ወሲብን ያሰናክላል፤ ስንፈቱ ጭንቀትን ይወልዳል፤ ጭንቀቱም መልሶ ሕመሙን ያጠነክራል። ይህን አዙሪት ተደጋጋሚ መርፌ አይሰብረውም።

በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ወደ ክፍላተ ሀገር ሲልክ፣ በሽታን ከኑሮ ጋር አያይዘው እንዲመለከቱ አሠልጥኖ ነበር። የዳሌ ሕመም ታሪክም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በቆላ ከተማ ያለ ባለሙያ በሽተኛውን ስለ ግንኙነቱ ብቻ ሳይሆን ስለሚጠጣው ወተትና ውሃ፣ ስላዋለዳቸው እንስሳት፣ ስለሚያስጨንቀውም ነገር ሊጠይቀው ይገባል። የዘር ፍሬ ድንገተኛ እብጠትንና በሽንት የሚታይ ደምን ለነገ ማለት አይገባም። ጨብጥም ቢሆን በምርመራ ሊረጋገጥ እንጂ በግምት ሊፈረድ አይገባውም፤ በግምት የተሰጠ ስም ሕመሙን ሳይፈውስ ትዳርን ሊያፈርስ ይችላልና።