አዲስ ፍሪሲዮን ከተገጠመ በኋላ የሚታዩ ችግሮች

ፍሪሲዮን የሞተርን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፍ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ደግሞ ግንኙነቱን የሚያቋርጥ የመኪና ክፍል ነው። ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙ «ሰበቃ» ማለት ነው። ዲስኩ በቮላኖና በፕሬዠር ፕሌት መካከል ተጨምቆ በሰበቃ ኃይል አብሯቸው ይዞራል።

ይህ ጽሑፍ አዲስ ፍሪሲዮን ተገጥሞ በአግባቡ አልሠራ ሲል ምክንያቱ እንዴት እንደሚለይ ያስረዳል። ምሳሌው በ1989 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው፤ ይህ ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና በአሜሪካ «ሚያታ» ተብሎ ይታወቃል። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚነዱት የኋላ ጎማዎች ናቸው። ፍሪሲዮኑን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ስለዚህ ችግሩ ከውጭ ይሁን ከውስጥ ሳይለዩ ካምቢዮውን ዳግመኛ ማውረድ ብዙ ጊዜ በከንቱ የሚቀር ድካምና ወጪ ነው።

ማርሽ አልገባ ሲል

ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦም ማርሽ አልገባ ካለ፣ ወይም የኋላ ማርሽ ሲገባ ከተንገጫገጨ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም ማለት ነው። በዚህ መኪና የፔዳሉ ግፊት የሚተላለፈው በፍሬን ዘይት ነው። ፔዳሉ አጠገብ ያለው የላይኛው ፓምፕ ዘይቱን ካምቢዮው ጎን ወዳለው የታችኛው ፓምፕ ይገፋል፤ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ደግሞ ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል። የታችኛው ፓምፕ በውጭ በኩል በሁለት ብሎን የታሰረ መሆኑ ለመርማሪው ትልቅ ዕድል ነው። በአንዳንድ መኪኖች ፓምፑ ካምቢዮው ውስጥ ስለሚገኝ ይህን ማየት አይቻልም።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ቆሞ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው የዘንጉን እንቅስቃሴ ይለካል። ዘንጉ በጥገና መመሪያው ከተሰጠው ልክ ያነሰ ከሄደ ካምቢዮውን መንካት አያስፈልግም። ፔዳሉን ደጋግሞ በፍጥነት መርገጥ ሁኔታውን ካሻሻለ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፤ አየሩን ማስወጣት ይበቃል። የዘይቱ መጠን ከቀነሰ ወይም የፓምፑ ጎማ ሽፋን ሲገለጥ እርጥበት ከታየ ጎሚኒው አልቋል። አሮጌ ጎሚኒ ከጠንካራው አዲስ ፕሬዠር ፕሌት ጋር ሲገጥም ማፍሰስ መጀመሩ የተለመደ ነው። የፔዳሉ ዘንግ ማስተካከያም መፈተሽ አለበት።

ዘንጉ በቂ ርቀት ሄዶም ፍሪሲዮኑ ካልተላቀቀ ችግሩ ከውስጥ ነው፤ ያኔ ማውረድ ግድ ይሆናል። ዲስኩ ተገልብጦ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሞላዎቹ እብጠት ወደ ካምቢዮ መዞር ሲገባው ወደ ቮላኖ ከዞረ ከቮላኖው ብሎኖች ጋር ይጋጫል። ሲገጠም የካምቢዮው ክብደት በዲስኩ እምብርት ላይ ተንጠልጥሎ ዲስኩ ተጣሞም ሊሆን ይችላል። ሹካው ከመቀመጫው መውጣቱ፣ ወይም የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት በቮላኖው መሃል ያለ ትንሽ ኩሽኔታ መያዙም ያጋጥማል።

መንሸራተትና መንቀጥቀጥ

በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጥ የሞተሩ ዙር ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። መንስኤው ከሞተሩ የኋላ ዘይት መያዣ የወጣ ዘይት፣ በዲስኩ ጥርሶች ላይ በብዛት የተቀባ ግራሶ፣ ወይም ፔዳሉ ነጻ ክፍተት ማጣቱ ሊሆን ይችላል። የክፍሎቹ ልክም ይታይ፦ የ1.6 ሊትሩ ሞተር ዲስክ 200 ሚሊሜትር፣ የ1.8 ሊትሩ 215 ሚሊሜትር ነው። ትልቁን በ1.6 ላይ ለመግጠም ቮላኖውም አብሮ መቀየር አለበት። ሲነሱ መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቮላኖው ሳይላግ በመቅረቱ ነው። ለውድድር የተሠሩ የሴራሚክ ዲስኮች ግን በተፈጥሯቸው ይነጥራሉ፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

ድምፅ

ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ጩኸት ወደ ፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ያመለክታል። በኒውትራል ፔዳሉ ሲለቀቅ ተሰምቶ ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ግን ከካምቢዮው የራሱ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። በኤምኤክስ-5 አንድ ልዩ ነገር አለ፦ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያያይዝ ረጅም የአሉሚኒየም አካል ለሥራው ይፈታል። ሲመለስ ከፍታው በመመሪያው ልክ ካልተስተካከለ በጉዞ ላይ ንዝረትና ጉምጉምታ ያመጣል፤ ይህም በስህተት የአዲሱ ፍሪሲዮን ጥፋት ተደርጎ ይወሰዳል።