ስለ ዲስክ መዛወርና ስለሚጠፋው የኔትዎርክ ድራይቨር፤ አጭር የታሪክ ጥናት

በ2016 ዓ.ም. በምኒልክ አደባባይ አካባቢ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪውና ነጋዴው ወደ ሌላ ሰፈር መዛወሩን አንባቢ ያስታውሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከዕቃው ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የሒሳብ መዝገብ ነው፤ መዝገቡም በዚህ ዘመን የሚቀመጠው በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ነው። አሮጌው ኮምፒዩተር ቢበላሽ ባለሙያው ዲስኩን አውጥቶ በአዲሱ ላይ ይገጥመዋል። ሲስተሙ ይነሣል፤ መዝገቡም ይገኛል፤ ኔትዎርክ ግን የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ ከየት እንደ መጣ መመርመር ነው።

ድራይቨር ማለት ዋናውን ሲስተም ከአንድ ካርድ ጋር የሚያነጋግር አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኔትዎርክ ካርድ ለግል ኮምፒዩተር ሲሠራ፣ የኔትዎርኩ ፕሮግራም ሁሉ ለየካርዱ የራሱን አስተርጓሚ ይዞ መምጣት ነበረበት። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ማይክሮሶፍትና ስሪኮም ኤንዲስ የተባለውን የጋራ ደንብ አወጡ፤ ከዚያም ወዲህ አንድ ድራይቨር ለብዙ ፕሮግራም ያገለግል ጀመር። በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ደግሞ አዲስ የተገጠመን ካርድ በራሱ ለመለየት ሞከረ።

ሆኖም በ2001 በወጣው በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ዲስኩ ወደ ሌላ ማዘርቦርድ ሲዛወር ሲስተሙ ብዙ ጊዜ ጭራሹን አይነሣም ነበር። የአዲሱን ዲስክ መቆጣጠሪያ የሚያውቅ ድራይቨር ስለሌለው በሰማያዊው ገጽ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ስለ ኔትዎርክ ለማማረር እንኳ የሚያደርስ አልነበረም! እንደ እኔ አስተያየት የዛሬው ቅሬታ መሻሻል የወለደው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የድራይቨሩ መኖሪያ መለወጡ ነው። ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት በጀመረበት በጥር 1989 ዓ.ም. ድራይቨሩ በፍሎፒ ወይም በሲዲ ሆኖ ከካርዱ ጋር በአንድ ካርቶን ይመጣ ነበር። ኋላ ፋብሪካዎቹ በኢንተርኔት ላይ ያስቀምጡት ጀመር። እንግዲህ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር፣ ድራይቨር ለማግኘትም ኢንተርኔት አስፈለገ።

በሊኑክስ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። አብዛኛው ድራይቨር ከሲስተሙ ጋር ስለሚመጣ ካርዱ ይታወቃል፤ ነገር ግን ቀድሞ ብዙዎቹ ሊኑክሶች የአሮጌውን ካርድ መለያ ቁጥር በፋይል መዝግበው ይይዙ ስለነበር፣ አዲሱ ካርድ ብቻውን ሳለ ሁለተኛ ተብሎ ይሰየም ነበር። ለመጀመሪያው ስም የተጻፈው ትእዛዝም አይደርሰውም ነበር።

መፍትሔው እምብዛም አያስቸግርም። ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ለኮምፒዩተሩ ማካፈል ይቻላል፤ ለስልኩ የሚያስፈልገው ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ በሲስተሙ ውስጥ አለና። ይህ ካልሆነ የካርዱን ቁጥር አይቶ ድራይቨሩን በሌላ ኮምፒዩተር ማውረድና በፍላሽ ማምጣት ነው። የፋብሪካው ቁጥር 8086 ከሆነ ካርዱ የኢንቴል ነው፤ ቁጥሩ ኩባንያው በ1978 ያወጣውን የታወቀ ፕሮሰሰር ያስታውሳል። ድራይቨሩ ከገባ በኋላ ለአዲሱ ካርድ የቀድሞው ቋሚ አድራሻ ሲሰጠው ዊንዶውስ አድራሻው የሌላ ካርድ ነው ብሎ ሊያስጠነቅቅ ይችላል፤ ያ ካርድ በአሮጌው ማዘርቦርድ የቀረው ነው፤ ከተደበቁት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ተፈልጎ ይሰረዛል።