የጥንቸሏ ሴረምና የደስታ በሽታ መጥፋት

በአዳማና በሞጆ ዙሪያ ደልበው በጅቡቲ በኩል የሚወጡት የቦረና ወይፈኖችም ሆኑ ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ዓረብ አገሮች የሚላከው ሥጋ ገበያ የሚያገኙት «በሽታ የለባቸውም» የሚል ማረጋገጫ ሲኖር ነው። ይህ ማረጋገጫ ከየት እንደመጣ የሚተርክ ግን ጥቂት ነው። ከብት የሚፈጀው የደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት) ሲነሣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በምጽዋ በኩል ገብቶ በሬውን የፈጀው ወረርሽኝና ያስከተለው «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ ይነገራል፤ ከዚያ ትረካው በአንድ ጊዜ ወደ ክትባት ይዘላል። እርግጥ ነው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ ትብብር በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመረተው ክትባት ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ክትባት በሽታው የት እንዳለ አይናገርም። ያንን የተናገረው ምርመራ ነው፤ በምርመራው ታሪክ ውስጥ ደግሞ የጥንቸል ደም የማይናቅ ድርሻ አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጥንቸሏ የደስታን ቫይረስ ትወጋለች፤ ከሳምንታት በኋላ መርፌው ይደገምላታል፤ ከዚያ ከጆሮዋ ደም ሥር ደም ተቀድቶ እስኪረጋ ይቀመጣል። ከረጋው ደም ተለይቶ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ሴረም ነው። በሳህን ላይ በረጋ አጋር (ጄል) ውስጥ ትንንሽ ጉድጓዶች ይበሳሉ፤ ሴረሙ በመካከለኛው፣ ከታመመው ከብት ዓይን በጥጥ የተወሰደው እንባ ደግሞ በዙሪያው ባሉት ይጨመራል። ሁለቱ በአጋሩ ውስጥ ቀስ ብለው እየሰረጉ ይገናኛሉ። የቫይረሱ ፕሮቲን ካለ በመገናኛቸው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል። የጥንቸሏ ሰውነት ለአንድ ፕሮቲን የሚያወጣው አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ አይደለም፤ የፕሮቲኑን ልዩ ልዩ ክፍል የሚይዙ ብዙ ዓይነቶችን እንጂ። ፖሊክሎናል የሚባለው ይህ ድብልቅ ነው። መስመሩም የሚሠራው ብዙዎቹ ፕሮቲኑን ከየአቅጣጫው ይዘው እርስ በርስ ሲያስተሳስሩት ነው። መብራትና ውድ መሣሪያ ለሚያጥረው ላቦራቶሪ በዓይን የሚነበብ ውጤት ትልቅ ነገር ነበር።

አርብቶ አደሩ በሽታውን አይቶ ያውቀው ነበር፤ ሴረም ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። የአፋርም የቦረናም ከብት ጠባቂ ስለ ደስታ ያለው እውቀት በእውነት ጥልቅ ነበር፤ በ1990ዎቹ ሙቀት የሚቋቋመው ክትባት አፋር ውስጥ የተሳካው በአርብቶ አደሩ መካከል በተመረጡ ከታቢዎች ነውና። ሆኖም አፍ የሚያቆስልና የሚያስቀምጥ በሽታ ሁሉ ደስታ አልነበረም፤ ደስታም አንዳንዴ ምልክቱ ቀሎ ያልፍ ነበር። የውጭ ገዢ ደግሞ የእረኛን ምስክርነት ብቻ ተቀብሎ ከብት አይገዛም።

ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ከራሱ ከላቦራቶሪው የሚነሣው ነው። የጥንቸሏ ሴረም ደስታንና የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታን አይለይም፤ ሁለቱ ቫይረሶች የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ ለሁለቱም መስመር ይሰጣል። በኢትዮጵያ ደስታ መሰሉ በ1977 በአፋር ፍየሎች ላይ ቢጠረጠርም የተረጋገጠው በ1991 ነው። ስለዚህ የፕሮቲኑን ብዙ ቦታ የመያዙ ጥቅም ራሱ የሴረሙ ድክመትም ነበር። በዚህ ላይ ጥንቸል ሲሞት ወይም ሲቀየር ሴረሙም ይለወጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። አንድ ቦታ ብቻ የሚይዘው፣ ከአይጥ ሴሎች የሚገኘው ሞኖክሎናል ፀረ እንግዳ አካል የመጣው ይህን ጉድለት ሊሞላ ነው፤ የከብቶች ደም በብዛት የተመረመረውም በእርሱ ነው።

ግን ጥንቸሏ ከሥራው አልወጣችም። በዚያው በሞኖክሎናል በሚሠራው አዲስ ምርመራ፣ በተለመደው አሠራር፣ የአይጡ ፀረ እንግዳ አካል መያያዙን በቀለም የሚያሳየው ኤንዛይም የታሰረበት የጥንቸል ፖሊክሎናል ነው። እንግዲህ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ ከታየበት ከ1995 በኋላ አገሪቱ በ2008 ከደስታ ነፃ ስትባል፣ በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም ጠፋ ሲባል፣ ሥራው የሁለቱ እንስሳት የጋራ ነበር። ዛሬም አድላቢውን የሚያሳስበው አፍተግር የትኛው ዓይነት እንደሆነ በሚለይበት ምርመራ፣ ከሳህኑ ሥር ተለጥፎ ቫይረሱን የሚይዘው የጥንቸል ፀረ እንግዳ አካል ነው። የአንዱ ዓይነት ክትባት ለሌላው ስለማይሆን፣ የትኛው ክትባት እንደሚታዘዝ የሚወሰነው ከዚያ ውጤት በኋላ ነው።