ቅድመ ምርመራና የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፦ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርኩ ፊልሞች ጉዳይ

ቅድመ ምርመራ አንድ ጽሑፍ ወይም ፊልም ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በባለሥልጣን ታይቶ የሚፈቀድበት ወይም የሚከለከልበት አሠራር ነው። በኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ አስቀርቶታል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 በማናቸውም መልኩ ከልክሎታል። ይኸው አንቀጽ ግን የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ይደነግጋል።

ከመደርደሪያ ማንሣት ከዚህ ይለያል፤ ሥራው ከወጣ በኋላ የሚፈጸም ነውና። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ለሽያጭ ከቀረበ በኋላ መሰብሰቡ ይታወሳል።

የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርክ ፊልም በሀገራችን ጥያቄውን ያከብደዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊቱን ነው፤ ስለ ድርጊቱ የሚተርክ ፊልምን አይጠቅስም። ጸያፍ ጽሑፍና ምስል ለብቻው በአንቀጽ 640 ይታያል። የሕዝቡ ተቃውሞ ግን ከሕጉ ፊደል ይሰፋል፤ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ሃይማኖት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ድርጊቱ በሕገ መንግሥት ጭምር እንዲከለከል ጠይቀዋል።

የሐይቅና የአምባሰል ሰው ለመጻሕፍት ቤት እንግዳ አይደለም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሩት ሐይቅ እስጢፋኖስ በመጻሕፍቱ የታወቀ ገዳም ነው። ገዳም መጻሕፍቱን የሚመርጠው በሃይማኖቱ ሥርዓት ነው፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ሁሉን ዓይነት አንባቢ ያስተናግዳል። በሐይቅም ሆነ በውጫሌ እንዲህ ያለ ፊልም ቢቀርብለት፣ የተጻፈ መመሪያ የሌለው ሠራተኛ ብቻውን መርማሪ ይሆናል።

የጎረቤት ኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የሁለት ወጣት ሴቶችን ፍቅር የሚተርከውን የዋኑሪ ካሂዩን «ራፊኪ» አገደ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ፍርድ ቤት እገዳውን ለ7 ቀናት ሲያነሣ ተመልካቹ የናይሮቢን ሲኒማ ቤት ሞላው።

በቤተ መጻሕፍት ረገድ ግልጹ ምሳሌ የሲንጋፖር ነው፤ ነገሩ በፊልም ሳይሆን በመጻሕፍት ቢሆንም። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቦርድ በአንባቢ አቤቱታ 3 የልጆች መጻሕፍትን አነሣ፤ አንዱ በኒው ዮርክ የእንስሳት ማቆያ ጫጩት ስላሳደጉ ሁለት ወንድ ፔንግዊኖች የሚተርክ ነው። መጻሕፍቱ ተፈጭተው እንደሚወገዱ ሲሰማ 400 ያህል ሰዎች፣ ልጆቻቸውን የያዙ ወላጆች ጭምር፣ በቤተ መጻሕፍቱ ተሰብስበው አነበቧቸው። ውሳኔውን የደገፉትም በበኩላቸው ፊርማ አሰባሰቡ። በመጨረሻ ሁለቱ ወደ አዋቂዎች ክፍል እንዲዛወሩ ታዘዘ፤ ሦስተኛው ግን ቀድሞ ተፈጭቶ ነበር።