ልዩ ተሰጥኦ በብዙ ቋንቋ ከተሞች ትምህርት ቤቶች፦ አዳማና የኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ

ልዩ ተሰጥኦ አንድ ተማሪ በአንድ ወይም በብዙ መስክ ከእኩዮቹ ልቆ የማሰብ፣ የመፍጠር ወይም የመሥራት ዐቅም ነው። ዐቅሙ በቀጥታ ስለማይታይ በፈተና፣ በክፍል ሥራና በመምህር አስተያየት ይገመታል። ተማሪው በደንብ ባልያዘው ቋንቋ ሲፈተን ግን ውጤቱ የማሰብ ችሎታውን ከቋንቋ ችሎታው ጋር ቀላቅሎ ያቀርባል። ጉዳዩ በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በባቱና በሻሸመኔ ጎልቶ ይታያል። በእነዚህ ከተሞች አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ጉራጊኛ፣ ወላይትኛና ከምባትኛ የሚነገርባቸው ቤቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ወንጂ ላይ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የስኳር ፋብሪካም ከደቡብ ብዙ ሠራተኞችን ከነቤተሰባቸው ስቧል።

ነባር መለኪያዎች

ዘመናዊ ፈተና ከመምጣቱ በፊትም ኅብረተሰቡ ብሩህ ልጆችን የሚለይበት መንገድ ነበረው። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ካጠና በኋላ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ የሚመዘነውም በትውስታው ብቻ ሳይሆን በፈጠራው ጭምር ነው። በቁርኣን ቤት ሙሉውን ቁርኣን በቃሉ የያዘ ልጅ ሃፊዝ ተብሎ ይከበራል። በኦሮሞ ዘንድ ልጆች በሂቦ፣ ማለትም በእንቆቅልሽ፣ ይፈታተናሉ። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የገዳ ሥርዓትም የአንደበተ ርቱዕነትን፣ ሕግ የማስታወስንና ሸንጎ የመምራትን ችሎታ ከፍ አድርጎ ይመለከታል። በፈንታሌና በመተሐራ ዙሪያ የሚኖሩት የከረዩ አርብቶ አደሮች ልጆች የሚያድጉት በዚህ ባህል ውስጥ ነው።

ቋንቋና ዘመናዊ ፈተና

በንጉሡ ዘመን ጎበዝ ተማሪዎች እንደ ጄኔራል ዊንጌትና እንደ በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። በወቅቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ስለነበር በቤቱ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር ልጅ ሁለት ጊዜ ቋንቋ ይቀይር ነበር። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። የ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገ፤ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ተማሪዎችና አካል ጉዳተኞች እንደ ዐቅማቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩም ዓላማ አድርጎ አስቀመጠ። ዛሬ በአዳማ የአፋን ኦሮሞና የአማርኛ ክፍሎች አሉ።

ይሁንና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም እንዲሁ። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጂም ከሚንስ እንዳሳየው ተማሪ በአዲስ ቋንቋ መግባባትን በሁለት ዓመት ገደማ ሲለምድ፣ የትምህርት ቋንቋውን ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ቁጥር ብቻ ተነስቶ ቀሪዎቹ የማሰብ ችሎታ የላቸውም ማለት አይቻልም፤ የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የቤተ ሙከራና የቋንቋ ጉድለት ሁሉ በውጤቱ ውስጥ አሉና።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በአሜሪካ ጆርጅ ሳንቼዝ እ.ኤ.አ. በ1934 በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የአእምሮ ፈተና ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆችን በትክክል ሊመዝን እንደማይችል ተከራክሯል። በፍሎሪዳ ብሮዋርድ ካውንቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በመምህርና በወላጅ ጥቆማ ብቻ መመረጥ ቀርቶ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ በልዩ ተሰጥኦ የተለዩ የላቲኖ ልጆች ድርሻ ከእጥፍ በላይ አደገ። መስፈርቱ አልተለወጠም፤ የሰፋው የሚታዩት ልጆች ቁጥር ነው። በብራዚሏ ረሲፊ የተጠኑ ልጅ ነጋዴዎች ገበያ ላይ በቃል ያለ ስህተት ማለት ይቻላል የሚያሰሉትን ሂሳብ በወረቀት ሲጠየቁ ብዙውን ይስቱ ነበር። በኬንያ ገጠር የሉዎ ልጆች መካከልም ስለ ባህላዊ መድኃኒት ዕፅዋት የላቀ ዕውቀት ያላቸው በእንግሊዝኛ ቃላት ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት የማምጣት ዝንባሌ አሳይተዋል።

የመለየት ሥራ ዛሬ

በአዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት በውጤታቸው የላቁ ተማሪዎችን ተቀብሎ ያስተምራል፤ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም አመልካቾችን በመግቢያ ፈተና ይመርጣል። እነዚህ ተቋማት ለብዙ ብርቱ ልጆች በር ከፍተዋል። ነገር ግን ምርጫው የሚጀምረው በጽሑፍ ፈተና ስለሆነ፣ መኪና ፈታትቶ የሚገጥም የሞጆ ልጅ ወይም የመንጋውን ዘር ሐረግ በቃሉ የሚያውቅ የከረዩ እረኛ ከመነሻው ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ፍትሐዊ መለያ አራት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ልጁን በሚችለው ቋንቋ መፈተን፣ ተማሪዎችን ሁሉ ያለ ጥቆማ ማየት፣ ውጤቱን ተመሳሳይ ዕድል ካገኙ እኩዮች ጋር ማነጻጸር፣ ከጽሑፍ ፈተና ጎን ለጎን የሥራ ናሙናንና የማኅበረሰቡን ምስክርነት መቀበል። ከተለየ በኋላም ልጁ በእንግሊዝኛ ትምህርት እንዳይወድቅ የቋንቋ ድጋፍ ካልተከተለው መለየቱ ብቻ ዋጋ የለውም።