ስለ ሩማንያ ሕዝብ ስምና ስጦታ

አንድ ሕዝብ ራሱን የሚጠራበት ስምና ጎረቤቶቹ የሚጠሩበት ስም ብዙ ጊዜ አይገጥምም። በራሱ ስም የአባቶቹን ክብር ያስባል፤ ጎረቤት ባወጣለት ስም ግን ሌሎች እርሱን በምን ዓይን እንዳዩት ይታወቃል። በዳኑብ ወንዝና በካርፓት ተራሮች አካባቢ የሚኖረው የሩማንያ ሕዝብ ታሪክ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። ይህም ታሪክ ለኢየሩሳሌም ተሳላሚ ባዕድ አይደለም፤ የዚያች አገር ሀብት ለብዙ ዘመን ወደ ቅዱሳት መካናት ሲፈስ ኖሯልና። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሮም ንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ በ106 ዓ.ም. ዳኪያ የተባለችውን አገር ድል አድርጎ ያዘ። የሮም ጦር በ3ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ከዚያ ለቅቆ ቢወጣም ላቲናዊው ቋንቋ አልጠፋም፤ ይልቁንም በስላቮችና በማጃሮች መካከል እስከ ዛሬ ጸንቶ ይነገራል። ስለዚህ ሕዝቡ ራሱን «ሮማን» ይላል። ጎረቤቶቹ ግን ሌላ ስም አወጡለት፤ ስላቮች «ቭላህ»፣ ማጃሮች «ኦላህ» አሉት፤ ቱርኮችም የደቡቡን ግዛት ዋላኪያን «ኤፍላቅ» ብለው ጠሩት። የእነዚህ ሁሉ ሥር አንድ የጥንት የጀርመን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም በሮም ቋንቋ የሚናገር ባዕድ ማለት ነው። ፖላንዳውያን የኢጣልያን አገር፣ ማጃሮችም የኢጣልያን ሰው የሚጠሩበት ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እንግዲህ ጎረቤት «ባዕድ» ብሎ ሲሰይመው የሮም ዘመድ መሆኑን ሳያስበው መሰከረለት።

ይሁን እንጂ ስሙ ከጊዜ ብዛት ክብሩን አጣ። በባልካን አገሮች «ቭላህ» ማለት በብዙ ቦታ እረኛ ማለት ሆነ። በትራንሲልቫኒያ ደግሞ በ1438 ዓ.ም. የማጃር መኳንንት፣ ሴኬሎችና ሳክሶኖች ቃል ኪዳን ሲያቆሙ ሩማንያውያን ከማኅበሩ ውጭ ቀሩ፤ ኋላም ኦርቶዶክሳዊ ሃይማኖታቸው በቸልታ ከሚታለፉት እንጂ በሕግ ከታወቁት አልተቈጠረም። በገዛ ምድራቸው ብዙ ሆነው ሳሉ በአደባባይ ድምፅ አልነበራቸውም።

ነገር ግን የጎረቤትነት ታሪክ ንቀት ብቻ አይደለም። ዓመቱ ከታወቀው በሩማንያ ቋንቋ ከተጻፈው ሁሉ የሚቀድመው፣ ኔያክሹ የተባለ የክምፑሉንግ ሰው በ1521 ዓ.ም. የጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የተላከው ለዘመድ ወይም ለጌታ አይደለም፤ ከተራራው ማዶ ላለው ለብራሾቭ ከተማ ሹም፣ ለሳክሶኑ ለዮሐንስ ቤንክነር ነው እንጂ። ነገሩም የቱርክ ሠራዊት በዳኑብ በኩል እየተንቀሳቀሰ ነውና ተጠንቀቁ የሚል ነበር። የሩማንያ ጽሑፍ ታሪክ ጎረቤትን ከጥፋት ለማዳን በተላከ ቃል መጀመሩ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ሩማንያውያን በንግግር ላቲናውያን ሲሆኑ በጸሎት ግን ከስላቮችና ከግሪኮች ጋር አንድ ነበሩ። ቅዳሴያቸው ለብዙ ዘመን በስላቮን ቋንቋ ይቀደስ ነበር፤ ኔያክሹም የገዛ ቋንቋውን የጻፈው በስላቮች ፊደል ነው። በ1508 ዓ.ም. መነኩሴው መቃርዮስ በዋላኪያ የስላቮን መጽሐፈ ቅዳሴ አተመ። ዲያቆን ኮሬሲ በ1561 ዓ.ም. አራቱን ወንጌላት በሕዝቡ ቋንቋ በብራሾቭ አሳተመ፤ በ1688 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በቡካሬስት ታተመ።

ቁስጥንጥንያ በ1453 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ በምሥራቅ ያሉ ገዳማት የሚረዳቸው ንጉሥ አጡ። በዚያን ጊዜ የዋላኪያና የሞልዳቪያ መሳፍንት ለቱርክ ግብር እየከፈሉ እንኳ የቀደሙትን ነገሥታት ፈለግ ተከተሉ። ታላቁ እስጢፋኖስ፣ ከ1457 እስከ 1504 ዓ.ም. ሞልዳቪያን የገዛው፣ በአቶስ ተራራ ያለውን የዞግራፉን የቡልጋሮች ገዳም ረዳ። በዋላኪያም ኔያጎይ ባሳራብ በ1517 ዓ.ም. የአርጄሽን ቤተ ክርስቲያን ሲያስባርክ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክና የአቶስ አበምኔቶች ተገኙ። የሞልዳቪያው ባስልዮስ ሉፑ የቁስጥንጥንያን መንበር ዕዳ ስለ ከፈለ በ1641 ዓ.ም. የቅድስት ጰራስቅያ ዐፅም ወደ ያሽ ከተማ መጣለት። የኢየሩሳሌሙ ፓትርያርክ ዶሲቴዎስም በዚያው በያሽ፣ በቸተጹያ ገዳም፣ በ1682 ዓ.ም. የግሪክ መጻሕፍትን አሳተመ።

ከዐረብ ወገን ይህን አገር በዓይኑ አይቶ በሰፊው የጻፈ የሐለቡ ሊቀ ዲያቆናት ጳውሎስ ነው። አባቱ የአንጾኪያው ፓትርያርክ መቃርዮስ ስለ መንበሩ ዕዳ ምጽዋት ሊለምን በ1652 ዓ.ም. ሲነሣ ልጁ አብሮት ወጣ፤ በ1653 ዓ.ም. መጀመሪያም ሞልዳቪያ ገቡ። ጳውሎስ በያሽ ያለውን የሦስቱን ሊቃውንት ቤተ ክርስቲያን፣ ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ቅርጽ የተሸለመውን፣ አይቶ አደነቀ። ሥርዓተ ቅዳሴውን፣ ጾሙን፣ የቤተ መንግሥቱን ማዕድ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት በተነሣው ጦርነት ባስልዮስ ሉፑ ከዙፋኑ ሲወርድም በከተማው ነበረ። ጎረቤት «እረኛ» ያለውን ሕዝብ ይህ የሩቅ እንግዳ መጽሐፍ ያለው፣ ሕንጻ ያለው፣ እጁ ለእንግዳ የተዘረጋ ክርስቲያን ሆኖ አገኘው።

የዚያ ወዳጅነት ፍሬ በመስፍኑ በቆስጠንጢኖስ ብሩንኮቬያኑ ዘመን ታየ። የአንጾኪያ ፓትርያርክ የነበረው አትናቴዎስ ዳባስ ወደ ዋላኪያ መጥቶ የዐረብ ካህናት መጽሐፍ በማጣት መቸገራቸውን ነገረው፤ በእጅ የሚጻፈው መጽሐፍ ዋጋው ውድ ነበረና። መስፍኑም ነገሩን ለመነኩሴው ለአንቲሞስ አዘዘ። አንቲሞስ ትውልዱ ከጆርጂያ ነው፤ በልጅነቱ ተማርኮ የተሸጠ ሲሆን ኋላ የዋላኪያ ሊቀ ጳጳስ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። እርሱም የዐረብኛ ፊደል አሠርቶ በ1701 ዓ.ም. በስናጎቭ ገዳም በግሪክኛና በዐረብኛ መጽሐፈ ቅዳሴ አተመ፤ መጽሐፉም ለካህናት በነጻ ታደለ። አትናቴዎስ ወደ አገሩ ተመልሶ በሐለብ ማተሚያ አቋቋመ፤ መዝሙረ ዳዊትም በ1706 ዓ.ም. በዚያ ታተመ። የአንቲሞስ ደቀ መዝሙር ደግሞ ወደ ትብሊሲ ሄዶ በ1709 ዓ.ም. የጆርጂያን ወንጌል አተመ።

የእነዚህ ሰዎች ፍጻሜ መራራ ነበር። ብሩንኮቬያኑ በቱርክ ሱልጣን ተከስሶ በ1714 ዓ.ም. ነሐሴ 15 ቀን ከአራት ልጆቹና ከአማካሪው ጋር በቁስጥንጥንያ አንገቱ ተቈረጠ፤ አንቲሞስም በ1716 ዓ.ም. ከመንበሩ ወርዶ በስደት መንገድ ተገደለ። የሩማንያ ቤተ ክርስቲያን በ1992 ዓ.ም. ሁለቱንም ከቅዱሳን ቈጥራቸዋለች።

ይህ ሁሉ ሲነገር ግን የሚታለፍ ነገር ሊኖር አይገባም። መሳፍንቱ ለኢየሩሳሌም፣ ለአቶስና ለሲና የሰጡት ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ገዳማትን ከነርስታቸው ሰጥተዋል። በርስቱ ላይ ያረሰው ገበሬ የድካሙ ፍሬ ወደማያያት አገር ሄደ። ከገበሬውም በታች ባሮች ነበሩ። እነዚህ ጥንት ከሕንድ የፈለሱ፣ ሮማ የተባሉ ሕዝብ ናቸው፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ከሮም ሰዎች ጋር ዝምድና የላቸውም። በ1385 ዓ.ም. የተጻፈ የዋላኪያ ደብዳቤ ለገዳም የተሰጡ አርባ የሮማ ቤተሰቦችን ያወሳል። የቤተ ክርስቲያን ባሮች በሞልዳቪያ በ1844፣ በዋላኪያ በ1847 ዓ.ም. እስኪፈቱ ድረስ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አለፈ። የቀሩትም የግል ባሮች በ1855 እና በ1856 ዓ.ም. ነጻ ወጡ።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የገዳማት ርስት ከአገሩ መሬት አንድ አራተኛ ያህል ደርሶ ነበር። አስቀድሞ መስፍኑ ማቴዎስ ባሳራብ በ17ኛው መቶ ዓመት ለግሪኮች የተሰጡ ብዙ ገዳማትን መልሶ ነበር፤ በመጨረሻም ሁለቱን ግዛቶች ያዋሐደው አሌክሳንድሩ ዮን ኩዛ በ1863 ዓ.ም. የገዳማትን ርስት ሁሉ ለመንግሥት አደረገ። የምሥራቅ መንበሮች ይህን ዝርፊያ አሉት፤ የአገሩ ሰዎች ግን የተወሰደባቸውን እንደ መመለስ ቈጠሩት። ሁለቱም ወገኖች በየበኩላቸው ምክንያት ነበራቸው።

ዛሬ በኢየሩሳሌም፣ ከኢትዮጵያ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ብዙ ሳይርቅ፣ የሩማንያውያን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ሥራው በ1930ዎቹ ዓመታት ተጀምሮ በ1975 ዓ.ም. ተባርኳል። በዚያ በኩል የሚያልፍ ተሳላሚ ቆም ብሎ ቢመለከት፣ «ባዕድ» የተባለ ሕዝብ ለባዕዳን ቋንቋ ፊደል እንዳሠራ ያስታውስ። መስፍኑን ሲያስብም፣ ስማቸው በግድግዳ ላይ ያልተሣለውን ገበሬዎችና ባሮች አብሮ ያስብ። በቅዱሳት መካናት የሚበራው መብራት ዘይቱ ከብዙ እጅ የመጣ ነውና፤ ሰጪውን ብቻ አመስግኖ የደከመውን የሚረሳ ጸሎት ጎደሎ ነው።